ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ ልክ

መቼ እንደሆነ ቁርጥ አድርጌ አልይዘውም። እኔ ከዓረፋ በፊት ነው እላለሁ፣ ባለቤቴ ከዓረፋ በኋላ ነው ትላለች፤ እሷ ጊዜን የምትቆጥረው በሰርግ ነው፣ እኔ በጨርቅ። ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የከሚሴ ሙቀት ከጧት ጀምሮ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ነበር። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ይህን አልረሳሁም። ሰው ሲያረጅ ቀኑ ይጠፋዋል እንጂ ጭንቀቱስ አይጠፋውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ አነባለሁ፣ ግን ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ። ይህንንም እኔ እየተናገርሁ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ቁጥር ግን ከሜትር ላይ ስለተማርሁት አያስቸግረኝም። ሱቄ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ ናት። የደሴና የአዲስ አበባ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የመስኮቷ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእኔም እጅ እንደ መስተዋቱ ሆነ፤ ልዩነቱ፣ መስተዋቱ መኪናው ካለፈ ይተወዋል።

በእጅ መጥለፍ ሲያቅተኝ ያገለገለ የጥልፍ ማሽን ከነኮምፒውተሩ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ጥቂት ቀን አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ። አበባውን ስክሪኑ ላይ ትስላለህ፣ በፍላሽ ወደ ማሽኑ ትወስደዋለህ፣ ማሽኑ ጨርቁን እየወጋ ያወጣዋል። እንግሊዝኛውን አላነበውም፤ የቱ ምልክት ምን እንደሚሠራ እንደ አገር መንገድ በቃሌ ያዝሁት። ማውዟን ስይዝም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን የተሳሳትሁትን አጥፍቼ እንደገና እስላለሁ። ጨርቅ ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

ትልቁ ልጄ ይህን ሁሉ አልወደደውም።

"አባ፣ አሁንስ ይበቃዎታል" ይለኝ ነበር። "ሱቋን ለስልክ ነጋዴ እናከራያት። እርስዎ ቤት ይቀመጡ፣ ይስገዱ፣ ይረፉ።"

"ቤት ተቀምጬ ማንን ልለካ?"

"እማን ይለኳታ!"

"የእናትህን ልክ እስከ ዛሬ ደርሼበት አላውቅም" አልሁት።

ሳቀ፤ ነገሩን ግን አልተወውም። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። እጄን ሲያይ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል፤ እኔን የሚያሳምመኝ ያ ነው። እንግዲህ በዚያ ሰሞን አንዲት እናት ከሰንበቴ ከተማ መጣች፤ ልጇን ልትድር ነው። ለእሷ ለራሷ ሰርግ ቀሚስ የጠለፍሁላት እኔ ነኝ፣ በእጄ፣ ያኔ እጄ እጅ በነበረ ጊዜ። ደረቱና እጅጌው ላይ ክብ ክብ አበባ ነበረው።

"ለልጄም እንደዚያው ይሁን" አለችኝ። "ክብ ካልሆነ አልፈልገውም። እኔን ያየ ሁሉ 'ጨረቃ ለበሰች' ነበር ያለው።"

ለልጄ እንዲህ አልሁት፦ "ይቺን ቀሚስ ልጨርስ። ካማረች ሱቋ ትቆየኝ። ከተበላሸች ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ፤ ሁለተኛም አላነሣውም።" ወላሂ ብዬ ማልሁ። ሰርጉ ለሐሙስ ነው፤ ቀሚሱ ለረቡዕ መድረስ አለበት።

ይህን በማልሁ ማግስት መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ በኃይል ተመለሰ። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ቀረ። ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፣ ማሽኑም ደኅና ነው፣ ስክሪኑ ብቻ ሞተ። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ሌላ ስክሪን ገዝቼ ተከልሁ። አሮጌው ጠበብ ያለ፣ እንደ ሳጥን ነበር፤ አዲሱ ጎኑ ሰፊ ነው። ሰፊ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲተርፈው አይከፋም።

አበባዬን ሳወጣት ግን ክብ አልነበረችም። በጎኗ ተጋድማ ተኝታለች፣ እንቁላል መስላ። መነጽሬን ጠረግሁ። ስክሪኑን ጠረግሁ። አበባዋ እንደተኛች ናት። ለካ እጄ ሲንቀጠቀጥ አጋድሜ ስያት ኖሯል አልሁና ጎንና ጎኗን ይዤ ጨመቅሁ፤ ክብ እስክትሆንልኝ ድረስ አጠበብኋት። አሁን አማረች። ዓይኔ ሃምሳ ዓመት አገልግሎኛል፤ አመንሁት።

ወትሮ እራፊ ጨርቅ ላይ ሳልሞክር አልጀምርም። የዚያን ቀን ግን ቸኮልሁ። ቀጥታ እጅጌው ላይ አስጠለፍሁት። ማሽኑ እየተንጣጣ ጨረሰ፤ ጨርቁን አውጥቼ ወደ በሩ ብርሃን ይዤው ሄድሁ። አበባው ቆሟል። ቀጭንና ረዥም ሆኖ፣ በጫፉ የቆመ እንቁላል።

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። "ማል ታኤ፣ ምን ሆንህ አንተ ሰውዬ?" አለችኝ። ጨርቁን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

"ምንድን ነው?"

"አበባ ነው።"

"እኔ ደግሞ ዶሮ የጣለችው መስሎኝ።"

አልሳቅሁም። እሷም አየችኝና ሳቋን ዋጠችው። ያን ጨርቅ የሙሽራዋ እናት ከደሴ ነው ያስመጣችው፤ ከሚሴ ውስጥ አምሳያው የለም። የተረፈውን ዘርግቼ ለካሁት። አንድ እጅጌ ያወጣል። ከአንድ በላይ አያወጣም።

ያን ጊዜ ነው ዕረፍት ያጣሁት። ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አበባዋ ጨምቄ እንደተውኋት ክብ ሆና ትስቅብኛለች፤ እጅጌው ላይ ያለችው ደግሞ ቆማ ታፈጥብኛለች። ማን ነው የሚዋሸው? ማሽኑ ነው? ዓይኔ ነው? ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፣ ባጃጆቹን ቆጠርሁ፣ ተመለስሁ። ዙህርን ሰገድሁ፤ ስንት ረከዓ እንደሰገድሁ ተምታታብኝና እንደገና ሰገድሁ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበርሁም። ከእኔ ዘንድ ሙያ የተማሩ ሁሉ ከመቀስ በፊት ከእኔ የሚሰሟት አንዲት ቃል ናት፦ ሶብር፣ ትዕግሥት። ጨርቅ የሚያበላሸው መቀስ ሳይሆን ችኮላ ነው እላቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አሰብሁ። የክር ማጠንጠኛዬ ክብ ናት፤ በዚያ አልጠራጠርም። ክብ በምታወጣዋ ምልክት በማጠንጠኛዋ ልክ ክብ አወጣሁና ማጠንጠኛዋን ስክሪኑ ላይ ለጠፍኋት። ማጠንጠኛዋ ክብ ሆና የስክሪኑ ክብ ጎንና ጎኗ አልፎ ወጣ። አልሐምዱሊላህ! የሚዋሸው ስክሪኑ ነው። ዓይኔ አይደለም፣ እጄም አይደለም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ውሸታም መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ እውነት እንዲናገር ማድረግ ሌላ ነው።

"ማመልከቻ ጸሐፊዋን ለምን አትጠይቃትም?" አለች ባለቤቴ። "ስታይ የምትውለው ስክሪን አይደለም ወይ?"

ሰኞ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ከመንግሥት ቢሮዎቹ አጠገብ ካለ በረንዳ ሥር ተቀምጣ ነው የምትውል፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ ከላይ የጠቆረ ጃንጥላ። ወደ አርባው የምትጠጋ ሴት ናት። አቤቱታ ያለው ሁሉ እሷ ዘንድ ይሰለፋል። እኔም ተሰለፍሁ፤ ግን መቆም አቃተኝና ከሰልፉ ወጥቼ ጠረጴዛዋ ጋ ደረስሁ።

"አካም ጅርቱ፣ አባ?" አለችኝ።

"ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ፤ ሰላም ነበር። ስክሪኔ ነው ሰላም የነሳኝ።"

"ምን ሆነብዎ?"

"ክቡን ያስተኛብኛል። እንደ እንቁላል።"

ተራው የደረሰ አንድ ገበሬ ከጎኔ ነበር፤ የወሰን ክርክር ይዞ የመጣ። "አባባ" አለኝ፣ "እንቁላሉን ኋላ ያስጽፉት። እኔ ዶሮ ሳይጮህ ነው የመጣሁት።"

"አብሽር፣ ታግሠህ ስማ" አለችው። ወደ እኔ ዞራ "ልኩ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ልቤ ሞቀ። ልክ! ይህ የእኔ ቋንቋ ነው። ለክቼ ነው የመጣሁት። ከኪሴ ወረቀት አወጣሁ፣ "ጎኑ አርባ ሰባት ከግማሽ፣ ቁመቱ ሃያ ሰባት" አልኋት።

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። "ሴንቲ?"

"ሴንቲ ነዋ።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አባ፣ ኮምፒውተሩ ስክሪኑን በሜትር አይደለም የሚለካው።"

"ታዲያ በምን? በክንድ?"

"በጥማድ ነው!" አለ ገበሬው፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበረች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለች ሳቁ ሲበርድ። "ያቺ ክብ አበባ ተጠልፋ እስክታልቅ መርፌው ስንት ጊዜ ይወጋል?"

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ ያህል።"

"በቃ፣ ስክሪንም ጥልፍ ነው። በነጥብ ነው የሚሞላው። በአግድሙ ይህን ያህል ነጥብ፣ በቁመቱ ይህን ያህል ነጥብ። ያንተ... ይቅርታ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር አዲሱን ስክሪን አያውቀውም። ለአሮጌው፣ ለጠባቡ የተሰፋውን ልብስ ነው ለሰፊው ያለበሰው።"

"ስለዚህ ጎኑ ላይ ተወጠረ!"

"ተወጠረ። ክቡም አብሮ ተለጠጠ።"

ይህን ያህል ዓመት ሙያዬን ስሠራ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። የስክሪኑ እውነተኛ ልክ ምናልባት ጀርባው ላይ ተጽፎ ይሆናል አለችኝ፤ ሄጄ እንዳይ። ከቢሮዎቹ እስከ ሱቄ ሩቅ አይደለም፣ ግን በሙቀቱ እግሬ እየተጎተተ ደረስሁ። ስክሪኑን አዞርሁት። በትንሽዬ ወረቀት ላይ ጉንዳን የመሰለ ጽሑፍ አለ። በማጉያ መነጽር ሁለቱን ቁጥር አገኘኋቸው፤ 1366 እና 768። መዳፌ ላይ ጻፍኋቸው፤ በላብ እንዳይጠፉ ጣቴን ሳላጥፍ እጄን እንደ ዱዓ ዘርግቼ ተመለስሁ።

"ይኸው" አልኋት።

"ዝርዝሩ ውስጥ ይህ ልክ የለም ይሆናል" አለችኝ። "ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው ልኮች አሉ፣ እንደ ገበያ ልብስ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። የእርስዎ ስክሪን ልክ እዚያ ከሌለ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አዲስ ልክ መጨመር ነው።"

"አስለክቶ ማሰፋት በይው።"

"አስለክቶ ማሰፋት። እኔ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቼ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ አይንኩት።"

ከዐስር በኋላ! ገና ዙህር እንኳ አልደረሰም። ረቡዕ እየመጣብኝ ነው። ለመንኋት። ገበሬውም ሰለቸውና "ጻፊለትና ይሂድ፣ በአላህ!" አላት። የተበላሸ ማመልከቻ ገለበጠችና በጀርባው ላይ በአማርኛ ጻፈችልኝ፤ መጀመሪያ ይህን ንካ፣ ቀጥሎ ይህን፣ እዚህ የጎኑን ነጥብ፣ እዚህ የቁመቱን፣ እዚህ ደግሞ ስድሳ፤ ስድሳው ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበት ቁጥር ነው አለችኝ። የእንግሊዝኛውን ቃላት እንደ ጥልፍ ምስል እየሳለች አሳየችኝ፤ ምስሉን ከምስል ጋር አመሳስዬ እንድነካ። ከታች በትልልቁ እንዲህ ጻፈች፦ "ሲጨርሱ ስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል። አስራ አምስት ይቁጠሩ። ምንም አይንኩ። ልኩን ካልተስማማው ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሶብር።"

ሶብር! ለእኔ!

ሱቄ ገባሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርሁ። ቃል በቃል አመሳሰልሁ። እውነቷን ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የእኔ ልክ የለም። አዲስ ልክ የሚጨመርበትን ነካሁት፤ ሦስት ባዶ ሳጥን ወጣ። 1366 ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ልብስ ሰፊ ሰውን በልኩ አይቆርጥም። በልኩ የቆረጠ እንደሆነ ስፌቱ ይበላዋል፤ ልብሱ አይገባም። ከልኩ ላይ ለስፌት ይተዋል፣ በዚህም በዚያም። ይህን ማንም አያስታውሰኝም፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ጸሐፊዋ ማመልከቻ እንጂ ስፌት አታውቅም፤ ረስታው ነው አልሁ። በዚህ ጎን አስር፣ በዚያ ጎን አስር። 1386 ብዬ ጻፍሁ። ከላይ አስር፣ ከታች አስር። 788። ስድሳውን ምንም አልነካሁት፤ እሱ አይሰፋም። ከዚያ እሺ የምትለዋን ነካሁ።

ስክሪኑ ጨለመ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ፣ የማላነበው ቃል ይዛ፣ ከወዲያ ወዲህ ትንሳፈፍ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርሁ። አራት። አምስት። ልክ ያኔ በሩ ተገፋ። ትልቁ ልጄ ነው፤ ከኋላው አንድ ሰው አለ፣ በኪሱ ሦስት ስልክ የያዘ።

"አሰላሙ ዐለይኩም አባ" አለኝ ልጄ። "እኚህ ሰው ሱቋን ለማየት ያህል ነው... እንዲያው ለማየት ያህል።"

ስድስት። ሰባት። ሰውዬው ግድግዳዬን ቃኘ። መደርደሪያ የሚሠራበትን ቦታ በዓይኑ መረጠ። ከዚያ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሜትሬን አየና፣ "አባት፣ ሜትርዎን ላፍታ ያውሱኝ፣ ግድግዳዋን ልለካት" አለኝ።

በገዛ ሜትሬ!

ስምንት ላይ ነበርሁ። እጄ እኔ ሳልፈቅድለት ወደ ኪቦርዱ ሄደና ትልቁን ቁልፍ መታው። ለምን እንደመታሁት እስካሁን አላውቅም፤ የሆነ ነገር መምታት ነበረብኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አስራ አምስት ቆጠርሁ፣ ሃምሳም ቆጠርሁ። ጨለማው አልለቀቀም።

"ምን ሆነ አባ?" አለ ልጄ ስክሪኑን አይቶ።

"ምንም። እያረፈ ነው።"

እኔ ለልጆቼ ዋሽቼ አላውቅም። ሰውዬው ግድግዳዬን ለክቶ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈ፤ ለስፌት ምንም አልተወም። ልጄ ሜትሩን ተቀብሎት በእጁ እንደጠቀለለው ቆመ። ሲወጡ ልጄ መለስ ብሎ እጅጌው ላይ የቆመውን እንቁላል አየው። በሩን በቀስታ መለሰልኝ። ይህ ርኅራኄው ከሁሉ ባሰብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁት አልናገርም። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት፤ መልሼ ኪሴ ከተትሁት፤ መልሼ አወጣሁት። ጸሐፊዋ ጋ ሄጄ ልናገር ብዬ ተነሣሁ፣ መንገድ አጋመስሁ፣ አፈርሁ፣ ተመለስሁ። ዐስርን ሰግጄ ስወጣ ባጃጅ ሱቄ በር ላይ ቆሟል፤ ጸሐፊዋ ጃንጥላዋን አጥፋ እየወረደች ነው።

"እሺ አባ፣ ክቡ ተነሣ?"

"ክቡም ሄደ፣ ስክሪኑም ሄደ" አልኋት።

ተቀመጠች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ስታበራው አንዲት ቁልፍ ደጋግማ መታች፤ ስክሪኑ ደብዝዞ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው ሆኖ ተነሣ። ወደ ቅንብሩ ገባች። የጻፍሁትን ቁጥር አየች። የእሷን ወረቀት አየች። እንደገና ቁጥሩን አየች።

"አባ፣ ይቺ ሃያ ከየት መጣች?"

"የስፌት ትርፍ ናት።"

"የምን?"

"በዚህ አስር፣ በዚያ አስር። ሳይተዉ ይቆረጣል እንዴ?"

ሳቋ አመለጣት። ከወንበሩ ተነሥታ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ሻሿን ይዛ ሳቀች፣ ዕንባዋን ጠረገች። እኔ አፍሬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ግን ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቷ ሄደና እንዲህ አለችኝ፦

"የእኔንም እንዲህ ነበር የሰፉት።"

"የምንሽን?"

"የተማሪ ልብሴን። አራተኛ ክፍል ሆኜ። እናቴ 'ሁለተኛ የማሰፋበት የለኝም' ስትልዎ፣ 'አብሽሪ፣ ከውስጥ እተውላታለሁ፣ ባደገች ቁጥር ፍቺላት' አሏት። በጎኑ አራት ጣት፣ በቅምቅማቱ ስንዝር የሚሆን ጨርቅ ነበር። ሲሞቀኝ እንዴት እንደሚከብደኝ! ግን እስከ ስምንተኛ ለበስሁት። በዓመት በዓመቱ እናቴ ስፌቱን ትፈታዋለች።"

እኔ አላስታወስሁትም። በእጄ ያለፈ የተማሪ ልብስ ስንት ነው! ግን እንዲያ እሠራ እንደነበር አውቃለሁ። "ስክሪኑ ግን አያድግም፣ አባ" አለችኝ ተነሥታ። "ለእሱ ትርፍ አይተዉለትም። ስንት ነጥብ ከሆነ ያን ያህል ነው። አንዲት ቢጨምሩበት እምቢ ይላል።"

"ታዲያ ለምን ወደ ድሮው አልተመለሰም? ራሱ ይመለሳል ብለሽኝ?"

"ስንት ቆጠሩ?"

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

"ስንት ቆጠሩ፣ አባ?"

"ስምንት።"

"ከዚያ ቁልፍ መቱ። እሱ 'በዚሁ ይጽና ወይ?' ብሎ እየጠየቀዎት ነበር፤ እርስዎ 'እሺ ይጽና' ብለው ፈረሙለት።" ወረቀቷን ዘርግታ የመጨረሻዋን ቃል በጣቷ ነካቻት። "ምን ይላል?"

"ሶብር ይላል" አልሁ።

የእኔን ልክ አጠፋችው። አዲስ ሳጥን አወጣች፤ ግን ራሷ አልጻፈችም። "እርስዎ ይጻፉት" ብላ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ 1366 ጻፍሁ። 768 ጻፍሁ። ስድሳ። እሺ የምትለዋን ነካሁ። ስክሪኑ ጨለመ፤ እጄን ሁለቱንም ብብቴ ሥር ከተትሁ። አብረን ቆጠርን፤ እሷ በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ። እሷ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ስትል፣ እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል፣ ሰዲ ላይ በራ። ጠባብ ልብስ ያወለቀ ሰው ሲተነፍስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያ ነው ስክሪኑ የተነፈሰው። በጎኑ ያልነበረ ቦታ መጣ። ፊደሉ ቀጠነ። በዚሁ ይጽና ወይ ሲል፣ ጸሐፊዋ "አሁን ይምቱት" አለችኝ፤ መታሁት።

አበባዬን አወጣኋት። እኔ ጨምቄ ያበላሸኋት ቆማ ታየች፣ እጅጌው ላይ እንዳለችው ሆና፤ አሁን ስክሪኑ እውነት መናገር ጀምሯል ማለት ነው። ለቀቅኋት፣ ወደ ጥንቷ መለስኋት። ማጠንጠኛዬን ለጠፍሁባት። በዙሪያዋ አንዲት ክር የምታህል እንኳ አላለፈችም። ያን ዕለት እራፊ ላይ ሞከርሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በማግስቱ ደግሞ የመጨረሻዋን ጨርቅ ቆረጥሁ፣ ለስፌት ትቼ።

ረቡዕ ጧት የሙሽራዋ እናት መጣች። ቀሚሱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አንድ አንድ አበባ በጣቷ ዙሪያውን ዞረች። ልጄም መጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሟል። የሰኞ ዕለት በእጁ ጠቅልሎ የወጣው ሜትሬ ኪሱ ውስጥ ቆይቶ ኖሯል።

"የኔ ነው የሚያምር" አለች እናትየዋ፣ "የሷም ግን ክብ ነው።" ከዚህ በላይ ምስጋና አልፈልግም። ልጄ ገባና ሜትሩን ሚስማሩ ላይ ሰቀለልኝ። ቁልፉን ላወጣ ኪሴን ስዳብስ "ይተዉት፣ አባ" አለኝ። "ለሰውዬው ሌላ ሱቅ እፈልግለታለሁ። ለእኔ ደግሞ ለዒድ አንድ ጀለቢያ ይስፉልኝ።"

"ለክቼህ አላውቅም እንዴ? ና ቁም" አልሁት። ከወገቡ ወፍሯል፣ ልጄ። አልነገርሁትም፤ ከውስጥ ተውሁለት።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚጽፍልኝ ሰው አለ ብያለሁ። ማን እንደረዳኝ ሳልናገር እንዳልጨርስ ብዬ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁት፤ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ።

"ይሄን አልጽፍም፣ አባ።"

"ለምን?"

"ሰው ሁሉ ስክሪን ይዞብኝ ይመጣል። የወሰን ክርክሩ ገበሬም ገና አልጨረሰም።"

እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኋት፤ እሷም እየሳቀች ጻፈችው፦ በዚያ ጭንቄ ያሻገረችኝ፣ ቢሮዎቹ አጠገብ በጠቆረ ጃንጥላ ሥር ማመልከቻ የምትጽፈዋ፣ አንዲት የተማሪ ልብስ አምስት ዓመት የለበሰችው ልጅ ናት።